የወጥ ቤት ሠራተኞችና የመንገደኛው ጤና

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ፣ ከጊምቢ፣ ከበደሌና ከቡሬ የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ በመሆኗ በሆቴሎቿ የሚመገበው መንገደኛ ብዙ ነው። ምግቡን የሚያዘጋጁት ሠራተኞችም የዚህን ሁሉ ሕዝብ ጤና በእጃቸው ይዘዋል።

እንደሚታወቀው እንጀራ ከምጣድ ከወጣ በኋላ ተመልሶ እሳት አያይም። ስለዚህ እጅ ከመጸዳጃ ቤት ይዞት የመጣው የታይፎይድ ወይም የተቅማጥ ጀርም ሳይሞት ወደ ተመጋቢው ይደርሳል። በሳሙናና በሚወርድ ውኃ መታጠብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ወጥም ጠዋት ተሠርቶ አውቶቡስ እስኪደርስ ለብ እንዳለ መቆየት የለበትም። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ጀርሞች ይራባሉ፤ በሚስማማቸው ጊዜ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ስለሚሆኑ አንዱ ጀርም በ4 ሰዓት ውስጥ ከ4,000 በላይ ይሆናል። ከቆሰለ እጅ የሚገባው ጀርም የሚተወው መርዝ ደግሞ ወጡ እንደገና ቢፈላም ላይጠፋ ይችላል። እንዲሁም ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት ቢላዋና መክተፊያ በደንብ ሳይታጠብ ሰላጣ አይከተፍበት።

ይህን ሁሉ ማስተማር መልካም ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። ተቅማጥ የያዛት ሠራተኛ ከሥራ ስትቀር የቀን ሒሳቧ የሚቆረጥባት ከሆነ፣ ልጆቿን ለማብላት ስትል ሕመሟን ደብቃ ትገባለች። ስለዚህ የታመመን ሠራተኛ ደመወዙን ሳንቆርጥ እናሳርፍ፤ ሳሙናውንና ውኃውንም እኛው እናቅርብ። ይህንንም በየጉባኤያችንና በየፕሮጀክታችን ወጥ ቤት እንጀምር።