የሰባት ወር ልጅ ደም

በ28ኛው ሳምንት የተወለደ፣ አንድ ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በሰውነቱ ያለው ደም 90 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ቢጠራቀም አንድ የሻይ ብርጭቆ አይሞላም። ነርሷ ለምርመራ ተረከዙን ወጋ አድርጋ ጥቂት ጠብታ ትወስድና ጥጥ ይዛ ትጫነዋለች። ደሙም ይቆማል። ደሙን ያረጉት ፕሮቲኖች ከእናቱ የመጡ አይደሉም፤ የእንግዴ ልጁን ማለፍ አይችሉም። ከ10ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ራሱ ሲያመርታቸው ኖሯል።

ዋናው አምራች ጉበት ነው፤ እሱም ገና አልጠነከረም። ቫይታሚን ኬ የሚፈልጉት አርጊ ፕሮቲኖች ማለትም ፋክተር 2፣ 7፣ 9 እና 10 ወሩን ጨርሶ በተወለደ ሕፃን እንኳ ከአዋቂው በግማሽ ያህል ያንሳሉ፤ ያለጊዜው በተወለደው ደግሞ ከዚያም ይወርዳሉ። ደም በማርጋት የሚያግዙት ጥቃቅን የደም ሕዋሶች፣ ፕላትሌቶቹም፣ ቁጥራቸው ባያንስም ሥራቸው ቀርፋፋ ነው። ይህን ብቻ ያየ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ደም ያለአግባብ እንዳይረጋ የሚገቱት አንቲትሮምቢንና ፕሮቲን ሲም አብረው ዝቅ ብለዋል። ፕላትሌትን ከቆሰለው የደም ሥር ጋር የሚያጣብቀው ፎን ዊልብራንድ ፋክተር ደግሞ ከአዋቂው ይበልጣል። አርጊውም ገቺውም በልክ ስላነሱ ጤነኛው ሕፃን ዝም ብሎ አይደማም።

ይህን በቁጥር ያሳየችው ካናዳዊቷ የሕፃናት ደም ሐኪም ሞሪን አንድሩ ናት። ከባልደረቦቿ ጋር በ1987 እ.ኤ.አ. በወራቸው የተወለዱትን፣ በ1988 ደግሞ ያለጊዜያቸው የተወለዱትን ሕፃናት ደም በየዕድሜያቸው ለክታ አሳተመች። አብዛኛው መጠን በ6 ወር ውስጥ ወደ አዋቂው ይጠጋል። ስለዚህ የላብራቶሪ ውጤት ላይ በአዋቂ ልክ «ዝቅተኛ» ተብሎ የተጻፈ ሁሉ በሽታ አይደለም።

ይህን መርሳት ዋጋ ያስከፍላል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በብሪታንያ፣ በአየርላንድና በኔዘርላንድስ 660 ሕፃናትን ያካተተ ጥናት አለ። ፕላትሌታቸው ከ50 ሺህ በታች ሲወርድ ተጨማሪ ፕላትሌት ከተሰጣቸው 26 በመቶዎቹ ሞቱ ወይም ክፉኛ ደሙ፤ ከ25 ሺህ በታች እስኪወርድ ከተጠበቁት ግን 19 በመቶዎቹ ናቸው። በደግነት የተጨመረ ፕላትሌት ጎዳ ማለት ነው።

እርግጥ አደጋው እውነተኛ ነው። ከ32 ሳምንት በፊት በተወለዱት አንጎል ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች እጅግ ስስ ናቸው፤ መድማቱም አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ይመጣል። ችግሩ ከደሙ ይልቅ የደም ሥሩ መሳሳት በመሆኑ ትልቁ መከላከያ ከመወለዱ በፊት ለእናቲቱ የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ ነው።

ቫይታሚን ኬ ግን የግድ ነው። ከእናት ወደ ፅንሱ የሚያልፈው ጥቂት፣ በጡት ወተት ያለውም ትንሽ ነው። በእኛም አገር አዋላጇ ጭኑ ላይ የምትወጋው 1 ሚሊ ግራም፣ ከ1.5 ኪሎ በታች ለሆነው ደግሞ ግማሹ፣ ለዚህ ነው። መርፌውን ያልተወጋና ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ጤነኛ መስሎ ቆይቶ ከ2 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ አንጎሉ ውስጥ ሊደማ ይችላል።