በካልሲ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ስጦታ፤ ለልጅ ትምህርት፥ ለነጋዴም ጥቅም

በአውሮጳና በአሜሪካ አገሮች የገና ዋዜማ በደረሰ ጊዜ ብዙ ልጆች ከመተኛታቸው አስቀድሞ አንድ ካልሲ በምድጃው አጠገብ ወይም በአልጋቸው ግርጌ ይሰቅላሉ። ወላጆችም ልጆቹ እንቅልፍ ከወሰዳቸው በኋላ ካልሲውን በጥቃቅን ስጦታዎች ይሞሉታል። በነጋም ጊዜ ልጁ እጁን ከትቶ አንድ በአንድ ያወጣቸዋል፤ ከጫፉም ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ብርቱካን ያገኛል። ካልሲው ጠባብ ስለሆነ የሚገባበት ዕቃ ትንሽ መሆን አለበት፤ ብዙ ዓይነት ስለሚያስፈልግም የእያንዳንዱ ዋጋ የማይከብድ መሆን ይገባዋል። ከዚህም የተነሣ ለገዢውም ሆነ ለሻጩ አንድ ጥያቄ ይቀርባል። በጥቂት ገንዘብ የሚገዛ ዕቃ ልጅን ለአንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ለብዙ ጊዜ ሊያስደስትና ሊያስተምር ይችላልን?

የንግድ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ፥ አዎን፥ ይችላል የሚል ነው። ነገር ግን ማናቸውም ርካሽ ዕቃ ይህን ያደርጋል ማለት አይደለም። ከዚህ በታች የተመለከቱት ምሳሌዎች እንደሚያስረዱት፥ ለብዙ ዘመን ገበያ ያገኙት ትናንሽ መጫወቻዎች ሥራውን ራሳቸው የሚሠሩ ሳይሆኑ ሥራውን ለልጁ እጅ የሚተዉ ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ይገነዘቡ።

የልማዱ መነሻ

ካልሲ የመስቀል ልማድ የሚያያዘው በ4ኛው መቶ ዓመት በታናሽ እስያ የሜራ ኤጲስ ቆጶስ ከነበረው ከቅዱስ ኒቆላዎስ ስም ጋር ነው። እንደ ጥንቱ ትረካ፥ አንድ ድኻ አባት ሦስት ሴቶች ልጆቹን የሚድርበት ገንዘብ ባጣ ጊዜ፥ ቅዱሱ በሌሊት ወርቅ በስውር ወደ ቤቱ ጣለለት፤ ወርቁም በእሳት ዳር እንዲደርቅ በተሰቀለ ካልሲ ውስጥ ገባ ይባላል። በካልሲው ጫፍ የሚቀመጠውም ብርቱካን የዚያ ወርቅ ምሳሌ ነው የሚሉ አሉ። እንግዲህ የልማዱ ሥር የባለጠጋ ድግስ ሳይሆን ለተቸገረ ቤተሰብ በጸጥታ የተደረገ ርዳታ መሆኑ ሊታሰብ ይገባል።

ባለአምስት ሳንቲሙ ሣጥን

ለትምህርት የሚረዳ ርካሽ ዕቃ ምን ያህል ገበያ እንዳለው ከሚያስረዱት ምሳሌዎች አንደኛው ክሬዮን የተባለው የሰም ቀለም ነው። የአጎትና የአክስት ልጆች የሆኑት ሚስተር ኤድዊን ቢኒና ሚስተር ሃሮልድ ስሚዝ በአሜሪካ የቀለም ንግድ ነበራቸው። ለትምህርት ቤቶች ጠመኔና የሰሌዳ እርሳስ በሚሸጡበት ጊዜ፥ መምህራን ለልጆች የሚስማማና ዋጋው የተመጠነ ባለቀለም መጻፊያ እንዳጡ ተረዱ። በ1903 ዓ.ም. ስምንት ቀለማት የያዘ ሣጥን አዘጋጅተው በ5 የአሜሪካ ሳንቲም ለገበያ አቀረቡ፤ ይህም ለአንዱ ቀለም ከአንድ ሳንቲም ያነሰ ዋጋ ነው። «ክራዮላ» የሚለውን ስም ያወጡለት ቀድሞ መምህርት የነበሩት የሚስተር ቢኒ ባለቤት ወይዘሮ አሊስ ናቸው።

በዚህ ነገር ነጋዴ የሚማረው አለ። ሁለቱ ሰዎች አስቀድመው ዕቃ ሠርተው ኋላ ገዢ አልፈለጉም፤ በትምህርት ቤት ደጃፍ ቆመው የጐደለውን ካዩ በኋላ የጐደለውን ሞሉ እንጂ።

ከማጽጃነት ወደ መጫወቻነት

ሁለተኛው ምሳሌ በሲንሲናቲ ከተማ የሆነው ነው። በዚያ የነበረ አንድ የሳሙና ድርጅት፥ ከድንጋይ ከሰል ምድጃ የሚወጣውን ጥላሸት ከግድግዳ ወረቀት ላይ የሚያነሣ እንደ ሊጥ ያለ ማጽጃ ይሠራ ነበር። ሕዝቡ የከሰሉን ምድጃ እየተወ በሌላ ማሞቂያ መጠቀም ሲጀምርና በውኃ የሚታጠብ የግድግዳ ወረቀት ሲመጣ የማጽጃው ገበያ ጠበበ። ከድርጅቱ ኃላፊ ከሚስተር ጆ ማክቪከር ጋር በጋብቻ የሚዛመዱት ወይዘሮ ኬይ ዙፋል የሕፃናት መምህርት ነበሩ። ይህንኑ ሊጥ ለተማሪዎቻቸው ሰጥተው የገና ጌጣጌጥ ቢያሠሯቸው ልጆቹ እጅግ ተደሰቱ፤ የተለመደው የጭቃ መሥሪያ ለትንሽ እጅ ይጠነክር ነበርና ይህኛው ግን በቀላሉ ይታዘዝላቸው ነበር። ድርጅቱም ምክራቸውን ተቀብሎ ማጽጃውን ወደ መጫወቻነት ለወጠው፤ በ1956 ዓ.ም. «ፕሌይ ዶ» በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ስሙንም ያቀረቡት እርሳቸውና ባለቤታቸው ናቸው። እነሆ፥ ሊጠፋ የተቃረበ ሸቀጥ የአንዲት መምህርት ዓይን ስላየው ብቻ ዳነ።

የወደቀው ሞላ

ሦስተኛው ምሳሌ የአሜሪካው መሐንዲስ የሚስተር ሪቻርድ ጄምስ ነው። በ1943 ዓ.ም. ለመርከብ መሣሪያ የሚሆን ሞላ ሲሠሩ አንዱ ከቦታው ወድቆ እየተጠቀለለ እንደሚራመድ ሆኖ ወረደ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ቤቲ መዝገበ ቃላት አገላብጠው «ስሊንኪ» ብለው ሰየሙት። በ1945 ዓ.ም. ከገና በፊት በኅዳር ወር በፊላደልፊያ ባለ አንድ ትልቅ መደብር 400 ሞላዎች አንዱ በ1 ዶላር ሂሳብ ቀረቡ። ሚስተር ጄምስ በዘንበል ሳንቃ ላይ እያስኬዱ ለሕዝቡ ባሳዩ ጊዜ 400ውም በ90 ደቂቃ ውስጥ ተሸጠው አለቁ። በመደርደሪያ ላይ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ግን የተጠቀለለ ሽቦ እንጂ ሌላ አይመስልም ነበር። ዛሬ የፊዚክስ መምህራን የሞገድን ጠባይ የሚያስረዱበት መሣሪያ ሆኗል።

የዱላና የካርቶን ክብር

በኒውዮርክ ግዛት በሮቸስተር ከተማ ታላላቅ መጫወቻዎች የሚከበሩበት አንድ ብሔራዊ ተቋም አለ። ክራዮላና ፕሌይ ዶ በ1998 ዓ.ም.፥ ስሊንኪ በ2000 ዓ.ም. በዚያ መዝገብ ገብተዋል። ይልቁንም የሚያስገርመው በ2005 ዓ.ም. ባዶ የካርቶን ሣጥን፥ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ተራ ዱላ እዚያው መግባታቸው ነው። ሁለቱም ዋጋ የላቸውም፤ ነገር ግን ልጅ ካርቶኑን ቤት፥ መርከብ፥ መኪና ያደርገዋል፤ ዱላውንም ፈረስና ጦር ያደርገዋል። ይህም ከላይ የተነገረውን ያጸናል፤ የመጫወቻ ዋጋ የሚለካው በውስጡ ባለው ሳይሆን ልጁ ከእርሱ በሚያወጣው ነው።

ለየዕድሜው የሚስማማ ምርጫ

ለካልሲ የሚሆን ዕቃ የሚፈልግ ወላጅ፥ እንዲሁም ሱቁን የሚያዘጋጅ ነጋዴ፥ በዕድሜ ከፍሎ ቢያስብ ይጠቀማል። ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ወፈር ያለ የሰም ቀለምና ገጹ ከጨርቅ የተሠራ መጽሐፍ ይበቃል። ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ላለው የሚቦካ መጫወቻ ሊጥና የፊደል ካርድ ይስማማል፤ የሥዕል መገጣጠሚያም እንዲሁ። ይህ መገጣጠሚያ ከጥንት ጀምሮ ለትምህርት የታሰበ ነው፤ በ1760ዎቹ የለንደኑ ካርታ ሠሪ ጆን ስፒልስበሪ ካርታ በእንጨት ላይ ለጥፎ በየአገሩ ወሰን እየቈረጠ ለጂኦግራፊ ትምህርት ይሸጥ ነበርና። ከስምንት ዓመት በላይ ለሆነ ደግሞ ማጉሊያ መነጽር፥ አቅጣጫ የሚያሳይ ኮምፓስ፥ የአበባ ዘር ከትንሽ ማሰሮ ጋር፥ ማስመሪያና ባዶ ደብተር ይመረጣሉ። ባለማጉሊያው ልጅ ጉንዳን ሲያይ፥ ባለዘሩ ልጅ ቡቃያ ሲጠብቅ፥ ስጦታው ከበዓሉ በኋላ ሳምንታት ይቈያል።

ርካሽነት አደጋ እንዳይሆን

በዚህ ረገድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ትንሽ ዕቃ የሕፃን ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል። በአሜሪካ ሕግ ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት የተዘጋጀ መጫወቻ፥ ወይም ከእርሱ ተነቅሎ የሚወጣ ክፍል፥ የአፉ ስፋት 31.7 ሚሊሜትር በሆነው የመመርመሪያ ቱቦ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከገባ ሽያጩ የተከለከለ ነው። በቤትም በግምት ለመፈተን የመጸዳጃ ወረቀት የሚጠቀለልበትን የካርቶን ቱቦ መጠቀም ይቻላል፤ በእርሱ የሚያልፍ ዕቃ ለሕፃን አይሰጥም። ኃይለኛ ትናንሽ ማግኔቶች ከአንድ በላይ ከተዋጡ በአንጀት ውስጥ ተሳስበው ብርቱ ጉዳት ያደርሳሉ። እንደ ቁልፍ ክብ የሆነው ትንሽ ባትሪም በጉሮሮ ከተጣበቀ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋን ያቃጥላል። ስለ ቀለምም ቢሆን፥ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ሕግ በልጆች ዕቃ ላይ የሚገኘውን የእርሳስ ማዕድን መጠን አጥብቆ ወስኗል። ስለዚህ በርካሽ ገዝቶ በውድ የሚከፍል ወላጅ እንዳይኖር፥ የዕቃውን ማስጠንቀቂያ ማንበብና ማስነበብ የነጋዴው ግዴታ ነው።

ለኢትዮጵያ ነጋዴ

ካልሲ የመስቀል ልማድ የኢትዮጵያ ልማድ አይደለም። ይሁን እንጂ ነገሩ ለኢትዮጵያ ነጋዴና እጅ ሠሪ ሩቅ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮጳ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆቻቸው ከጎረቤት ልጆች ጋር ታኅሣሥ መጨረሻ የሚመጣውን የፈረንጆች ገና ያያሉ፤ ከዚያም የራሳቸውን ገና በጃንዩዌሪ 7 ቀን ያከብራሉ። ለሻጩ ሁለት በዓላት በሁለት ሳምንት ውስጥ ይገጥሙታል ማለት ነው። ወላጆቹም አብዝተው የሚጨነቁበት ነገር ልጆቻቸው የአባቶቻቸውን ቋንቋ እንዳይረሱ ነው።

ለዚህ ጭንቀት መልስ የሚሆን ዕቃ ከጥንት በአገር ውስጥ አለ። ልጆች በስንደዶ እየጠቈሙ ይማሩበት የነበረው የፊደል ገበታ በ33 ትናንሽ ካርዶች ቢከፈል፥ በአንዱ ገጽ «በ» ከነሰባቱ ሆሄያት፥ በሌላው ገጽ የበግ ሥዕል ቢሆን፥ 231ዱ ፊደላት በአንድ ካልሲ ጫፍ ይገባሉ። ገበጣም እንዲሁ ነው። ጕድጓዶቹ በክብ መስመር የተሣሉበት የሚጠቀለል ጨርቅና አንድ ከረጢት ዘር ቢዘጋጁ፥ ልጅ መቍጠርንና አስቀድሞ ማሰብን ይማርበታል። እርግጥ የገበጣው ዘር ሦስት ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሆንም። የገና ዱላና ሩርም፥ ለካልሲ ባይመቹም፥ በሮቸስተር ተራ ዱላ ያገኘው ክብር የሚገባቸው ናቸው።

ነገር ግን ወደ ውጭ የሚላክ የልጆች መጫወቻ የተቀባዩን አገር ሕግ መፈጸም አለበት። በአሜሪካ 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች የተዘጋጀ መጫወቻ በታወቀ ላቦራቶሪ ተመርምሮ የምስክር ወረቀት ይያዝለታል፤ በአውሮጳ ኅብረት አገሮችም የደኅንነት ምልክት ያስፈልገዋል። ዕቃውም ከበዓሉ በፊት በመደብር እንዲገኝ ጭነቱ ወራት ቀድሞ መነሣት ይገባዋል። ከገና ማግስት የደረሰ የገና ዕቃ እስከሚመጣው ዓመት በመጋዘን የሚቀመጥ ገንዘብ ነውና።

በመጨረሻም የክሬዮኑ፥ የሊጡና የሞላው ታሪክ ለነጋዴ የሚተወው ምክር ሦስት ነው፤ የጐደለውን ከመምህራንና ከወላጆች ጠይቆ ማወቅ፥ ዋጋውን ድኻው ወላጅ ሳያፍር ሊከፍለው በሚችለው መጠን መወሰን፥ ዕቃውንም አሽጎ ከመስቀል ይልቅ አንዱን ከፍቶ ልጅ በእጁ እንዲሞክረው ማድረግ። በጥቂት ሳንቲም የተገዛ ስምንት ቀለም በአንድ ልጅ እጅ ሺህ ሥዕል ይሆናል፤ ያ ልጅ አድጎ ለልጁ ሲገዛም ወደዚያው ሱቅ ይመለሳል።