የብድር ታሪክ፦ በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚወራውና እውነታው

በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ መስፊያ መኪና ላይ ለምትውል ሠራተኛ ብድር ሩቅ ነገር አይደለም። ደሞዟ በባንክ ይገባል፤ ስልኳ ላይ ቴሌብር አለ። የቤት ኪራይ ደሞዝን ሲቀድም ትንሽ ብር ከስልኳ ትበደራለች፤ አብራት የምትኖረው ልጅ ደግሞ «ዋስ ሁኚኝ» ትላታለች። ፓርኩ በመስከረም 2011 ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩ መጥተው ለተቀጠሩ ብዙ ወጣቶች የባንክ ሒሳቡም ብድሩም የመጣው ከዚሁ ሥራ ጋር ነው። ስለ ብድር ታሪክ የሚሰሙት ግን ከባንክ ሳይሆን ከሰርቪስ ወሬ፣ ከቲክቶክና ውጭ አገር ካለ ዘመድ ነው። ከዚህ ወሬ ከፊሉ የሌላ አገር አሠራር ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ጭራሽ ስህተት።

«እኛ አገር የብድር ነጥብ የሚባል ነገር የለም።»

ይህኛው ግማሽ እውነት አለው። አሜሪካ ውስጥ ፋይኮ የሚባለው ነጥብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1989 ጀምሮ ተበዳሪዎችን ከ300 እስከ 850 ባለ ቁጥር ይመዝናል። እኛ ጋ አንድ ሰው «ነጥቤ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ቁጥር የለም። መዝገቡ ግን አለ። ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል አለው፤ ባንኮች ማን ስንት እንደተበደረና እንዴት እየከፈለ እንደሆነ ወደዚያ ይልካሉ፣ አዲስ ብድር ሲጠየቁም መረጃውን ከዚያ ያወጣሉ። በስልክ የሚያበድሩት ደግሞ የየራሳቸውን ነጥብ ያሰላሉ። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ «ሚቹ» በተባለው አገልግሎቱ ቤትና መኪና ሳያስይዝ ሲያበድር፣ ቴሌብርም ለአንዱ ብዙ ለሌላው ትንሽ ሲፈቅድ፣ ውሳኔው የሚሰጠው በዕጣ አይደለም። የሒሳብ እንቅስቃሴና የቀደመ አከፋፈል ታይቶ ነው። ቁጥሩን ስላላየነው ብቻ የለም ማለት አይቻልም።

«የስልክ ብድር ትንሽ ስለሆነ አይቆጠርም።»

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና ረጋ ብለን እንየው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ፤ በ2014 ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የተባለውን ብድርና «እንደኪሴ» የተባለውን የጎደለ ሒሳብ ማሟያ አመጣ። በስልክ ስለሚመጣ የካርድ ብድር ይመስላል እንጂ አበዳሪው ባንክ ነው። ብሩ ትንሽ ቢሆንም ውል አለው፣ የመክፈያ ቀን አለው፣ ካለፈም ቅጣት አለው።

የአከፋፈል ታሪክ ማለት ከሁሉ በፊት ይህ ቀን ነው። እንበል አንዲት ሠራተኛ የወሰደችው 1,500 ብር የሚከፈለው በየወሩ በ20 ነው፤ ደሞዟ የሚገባው ግን በ25። በ25 ሙሉውን ትከፍላለች፤ ወዲያው መልሳ ትበደራለች። በስድስት ወር ውስጥ አንድም ብር አልቀረባትም፤ እርሷም «እኔ ዕዳዬን የምበላ ሰው አይደለሁም» ብትል ልክ ናት። መዝገቡ ግን ስድስት ጊዜ እንዳዘገየች ይጽፋል። አጠገቧ የምትሠራው ልጅ የእርሷን ሦስት እጥፍ ተበድራ በየወሩ በቀኑ ከከፈለች፣ በአበዳሪው ዓይን የተሻለችው ይህች ሁለተኛዋ ናት። ይህን ማስተካከል ደግሞ ገንዘብ አይፈልግም። ብድሩን ከመውሰድ በፊት የመክፈያውን ቀን ማየትና ከደሞዝ በኋላ እንዲውል አድርጎ መውሰድ ይበቃል። ቀኑን መምረጥ ካልተቻለ፣ ደሞዝ በገባ ዕለት ለቀጣዩ ክፍያ የሚሆነውን ለይቶ ማስቀመጥ ነው።

ምን ያህል ማዘግየት ምን ያህል ይጎዳል? በብሔራዊ ባንክ አመዳደብ የባንክ ብድር 90 ቀን ሳይከፈል ካለፈ ከተበላሹ ብድሮች ተርታ ይገባል። ከዚያ በፊትም ቢሆን 30 ቀን ያለፈው በልዩ ክትትል ውስጥ ነው። የስልክ ብድር ግን የሚሰላው በቀናት ስለሆነ ሦስት ወር አይጠብቅም፤ ጥቂት ቀን መዘግየት የሚቀጥለውን ብድር ጣሪያ ሊያወርደው ወይም ሊዘጋው ይችላል። አሜሪካም ብትሄዱ ትልቁ ክብደት የተሰጠው ለዚሁ ነው፦ ከፋይኮ ነጥብ 35 በመቶው የአከፋፈል ታሪክ ሲሆን፣ 30 ቀን ያለፈ ክፍያ ከተመዘገበ 7 ዓመት ከመዝገብ አይወጣም።

ሲም ካርድ መጣል መፍትሔ ነው የሚለውም ወሬ አለ። አይደለም። ብድሩ የተሰጠው ለሰውየው ነው፤ ባንኮች የደንበኛን ሒሳብ ከፋይዳ (ብሔራዊ መታወቂያ) ቁጥር ጋር ማያያዝ ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ ስልክ ቀይሮ ሌላ ሰው መሆን እየከበደ ነው።

«የብድር ዓይነት በበዛ ቁጥር ነጥብ ከፍ ይላል።»

ይህ ከውጭ የመጣ ምክር ነው። መነሻም አለው። በፋይኮ ውስጥ የሒሳቦች ስብጥር የሚባል ነገር አለ፤ እንደ ክሬዲት ካርድ እየከፈሉ መልሰው የሚጠቀሙበትና እንደ መኪና ወይም እንደ ቤት ብድር በየወሩ ተቆርጦ የሚያልቅ ዕዳ ጎን ለጎን ሲኖር ትንሽ ያግዛል። የተሰጠው ክብደት ግን 10 በመቶ ብቻ ነው፤ ለዚያ ብሎ አዲስ ብድር መውሰድ እዚያም አይመከርም። አዲስ ብድር በተጠየቀ ቁጥር ነጥቡ ለጊዜው ዝቅ ሊል ይችላልና።

ይህን ምክር አዳማ ላይ በተግባር ማዋል ደግሞ አደገኛ ነው። በየወሩ መላ የሚወስድ ሰው ስብጥር ለመፍጠር ብሎ «ዱቤ አለ» በሚባለው የዱቤ ግዢ አገልግሎት ስልክ ቢገዛ፣ ከማይክሮ ፋይናንስም የቡድን ብድር ቢጨምር፣ ያተረፈው ሦስት የመክፈያ ቀን ነው። አንዱን ለመክፈል ሌላውን መበደር የሚጀመረው እንዲህ ነው። የቡድን ብድር ሲሆን ደግሞ አንዷ ያላስገባችው ክፍያ የጓደኞቿ ዕዳ ይሆናል። የእኛ አገር አበዳሪ በቅድሚያ የሚያሰላው ከደሞዝሽ ላይ ለስንት ዕዳ እንደሚቆረጥ ነው። በደሞዝ ለሚተዳደር ሰው፣ በቀኑ የሚከፈል አንድ ብድር ከሦስት ዓይነት ብድር እንደሚበልጥ ሳልጠራጠር እናገራለሁ።

«ዕቁቤን አንድም ሳምንት አሳልፌ አላውቅም፤ ባንኩ ይህን ያያል።»

አያይም። ይህን ስጽፍ ይከፋኛል፤ ምክንያቱም በታማኝነት ረገድ ከዕቁብ የበለጠ ምስክር አላውቅም። በየሳምንቱ እጅ በእጅ የሚሰጠው ብር፣ ለአከራይ በየወሩ የሚቆጠረው ኪራይ፣ ባለሱቁ በደብተር የሚይዘው ዱቤ በየትኛውም የባንክ መዝገብ ላይ አይገባም። አበዳሪዎች ይህን የሚያዩበት መንገድ ሊያበጁ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ማስያዣ የሌለው ሰው ያለው ንብረት ይህ ታማኝነቱ ነውና። እስከዚያው በሠራተኛው እጅ ያለው መንገድ የዕቁቡን ክፍያና ኪራዩን በስልክ ወይም በባንክ ማስተላለፍ፣ ዕቁቡ ሲወጣም ቢያንስ ከፊሉን ሒሳብ ውስጥ ማሳደር ነው። ብድር ባይሆንም እንቅስቃሴው ይታያል።

«ዋስ መሆን ፊርማ ብቻ ነው።»

በዚህ ምክንያት ስንት ወዳጅነት ፈርሷል! በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1920 መሠረት ዋስ የሆነ ሰው ባለዕዳው ሳይከፍል ቢቀር ሊከፍል ግዴታ ገብቷል። ወረቀቱ ላይ የአንድነትና የነጠላ ኃላፊነት የሚሉ ቃላት ካሉ ደግሞ አበዳሪው መጀመሪያ ባለዕዳውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ዋሱን ሊከስ ይችላል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ሁለት ነገር ይነበብ። አንደኛው ይኸው ቃል ነው። ሁለተኛው የገንዘቡ መጠን ነው፤ ቁጥር 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው ገንዘብ በውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው እንደማይጸና ይደነግጋል። ባዶ ቦታ ያለው ወረቀት ላይ የሚፈርም ሰው ይህን መብቱን ለሌላው ብዕር አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። ደሞዝ ላይ ሲመጣም ገደብ አለ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 59 መሠረት ከሠራተኛ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ድምር ከወር ደሞዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ጓደኛ የቀረበትን የሚከፍል ዋስ ለራሱ ብድር የሚተርፈው ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ ማስላት ይቻላል።

ከፍዬ ስጨርስ ታሪኩ ይሰረዛል የሚሉም አሉ። ዕዳው ይዘጋል፤ እንዴት እንደተከፈለ ግን በመዝገብ ይቀራል። በቀኑ ለከፈለ ሰው ይህ ጥቅም ነው። በሕይወቱ ተበድሮ የማያውቅም ስሙ ንጹሕ ቢሆንም አበዳሪው የሚመዝንበት ነገር የለውም። አሜሪካ የደረሰ ኢትዮጵያዊ እዚህ የነበረው ጥሩ ታሪክ አብሮት ስለማይሄድ ከባዶ የሚጀምረው ለዚህ ነው፤ የፋይኮ ነጥብ እንዲወጣለት እንኳ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው አንድ ሒሳብ ያስፈልገዋል።

አንድ ወሬ ይቀራል፤ የከፋውም እርሱ ነው፦ «ፋብሪካው ከዘጋ ዕዳውም ይቆማል።» ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከጥር 2022 ጀምሮ አጎዋ ከተባለው ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የመላክ ዕድል ስትወጣ ወደዚያ የሚልኩ የልብስ ፋብሪካዎች ሠራተኛ ቀንሰዋል። የደሞዙ መቆም ግን የመክፈያውን ቀን አያስቆመውም። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው አፍሮ ስልኩን ይዘጋና አገሩ ይገባል፤ በዚያው ዘጠናው ቀን ይሞላል። የተሻለው የመክፈያው ቀን ሳይደርስ የሥራ ስንብት ደብዳቤውን ይዞ አበዳሪው ቅርንጫፍ መሄድና ክፍያው እንዲራዘም ወይም በትናንሹ እንዲከፋፈል በጽሑፍ መጠየቅ ነው። አበዳሪው የመፍቀድ ግዴታ የለበትም፤ ነገር ግን ከቀኑ በፊት የመጣን ሰው ማስተናገድ ከዘጠና ቀን በኋላ ከመፈለግ ይቀለዋል። ከተፈቀደ አዲሱ የአከፋፈል ሰሌዳ ይፈረምበት፤ የመጨረሻው ክፍያ ሲጠናቀቅ ደግሞ ከዕዳ ነፃ መሆንን የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይጠየቅ። ሌላ ተቋም «ቀሪ አለብህ» ቢል መረጃውን የላከው የመጀመሪያው አበዳሪ ነውና እርማቱም የሚጀመረው በዚያ ደብዳቤ፣ በዚያው ቅርንጫፍ ነው።