የጠመንጃ ጉሮሮና የባለሙያ ትዕግሥት

አጎታችን አንድ ምንሽር ነበራቸው። በሠርግና በበዓል ሰሞን ዒላማ ሲተከል ከሁሉ በኋላ ተነሥተው ከሁሉ በፊት የሚመቱ እርሳቸው ነበሩ። አንድ ዓመት ግን ከገበያ የገዙት ጥይት፣ ዐይነቱ ያው ሆኖ ሳለ፣ አረሩ ከቀድሞው ረዘም ብሎ ወደ ፊት የወጣ ሆነና መዝጊያው አልዘጋ አላቸው። ጠመንጃውን ለአንድ የከተማ ብረት ሠሪ ሰጡት። ሰውዬው ማረሻ በመሳልና ቁልፍ በማበጀት የተመሰገነ ነበርና ነገሩን እንደ ቀላል ቈጠረው። መሰርሰሪያውን በእጁ ይዞ ከውስጥ አስፋፍቶ መለሰላቸው። መዝጊያው ዘጋ፤ ዒላማው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይነካ ቀረ። ጎረቤቱ ሁሉ «ዓይን ገብቶበታል» አለ፤ ጠበል የረጨበትም አልታጣም።

እኛም ልጆች ስለ ነበርን ይህንኑ አምነን አደግን። ዩኒቨርሲቲ ገብተን በብረት ሥራው ክፍል ቶርኖ ፊት ስንቆም ነው፣ በጠመንጃው የገባበት ዓይን ሳይሆን መሰርሰሪያ መሆኑን የተረዳነው።

ለመሆኑ ያ ሰው የነካው የቱን ስፍራ ነው? የጠመንጃን ቧንቧ ከኋላ በኩል ብንመለከት፣ በመጀመሪያ ቀለሁ የሚያርፍበትን ሰፊ ክፍል እናገኛለን። ወደ ፊት ደግሞ አረሩን እያሽከረከሩ የሚያስወጡት ጠመዝማዛ ቦዮች አሉ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቦይ ያልተቀረጸባት አጭር ለስላሳ መንገድ አለች፤ መጨረሻዋም ቀስ በቀስ እየጠበበ ከቦዮቹ ጋራ ይገናኛል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ጠመንጃ ሠሪዎች ይህችን ስፍራ «ጉሮሮ» ይሏታል፤ ስሙም የተገባት ነው። ምግብ በጉሮሮ ቀጥ ብሎ ካልወረደ እንደሚያንቅ ሁሉ፣ አረርም በዚህች መንገድ ቀጥ ብሎ ካላለፈ ጕዞው ሁሉ ይበላሻል።

ጉሮሮን ማስረዘም የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ረዥምና ከባድ አረር የሚወድ ተኳሽ ሁለት ችግር ይገጥመዋል። አረሩን ወደ ቀለሁ ውስጥ ጠልቆ እንዲገባ ቢያደርገው የባሩዱን ስፍራ ይሻማል፤ ግፊቱም ይጨምራል። ወደ ውጭ እንዲወጣ ቢያደርገው ደግሞ አረሩ ገና ሳይተኰስ ከቦዮቹ ጋራ ይጣበቃል። ያን ጊዜም ግፊቱ ከልክ ያልፋል፤ ወይም ጥይቱ ሳይተኰስ ሲወጣ አረሩ በቧንቧው ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀርና ባሩዱ በመዝጊያው ላይ ይፈስሳል። ስለዚህም ጉሮሮው ጥቂት ወደ ፊት እንዲራዘም ይደረጋል።

ብዙ ሰው ግን «ጉሮሮው የረዘመ ጠመንጃ ዒላማ ይስታል» ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ስሕተት ነው። የስዊድን ሠራዊት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም. የተቀበለው የ6.5 ሚሊሜትር ጥይት፣ አረሩ 10 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ረዥምና ድቡልቡል ጫፍ ያለው ነበር፤ የጠመንጃዎቹም ጉሮሮ ለእርሱ እንዲመች ረዥም ሆኖ ተቈረጠ። በ1941 ዓ.ም. ሾጣጣ የሆነና 9 ግራም የሚመዝን አረር ሲመጣም እነዚያው ጠመንጃዎች በሥራ ቀጠሉ፤ ከመካከላቸውም የተመረጡት መነጽር እየተገጠመላቸው ለአነጣጣሪ ተኳሾች ተሰጡ። በአሜሪካም በ1945 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የካሊፎርኒያው ሮይ ዌዘርቢ ጉሮሮአቸውን ሆን ብሎ ያስረዘማቸውን የአደን ጠመንጃዎች ይሸጥ ነበር። ኩባንያው ለብዙ ዘመን ሦስት ጥይት በ100 ያርድ፣ ማለት በ91 ሜትር ርቀት፣ ከአንድ ተኩል ኢንች በማይበልጥ ስፋት ውስጥ እንደሚያርፍ ዋስትና ይሰጥ ነበር። ርዝመት ብቻውን ጥፋት ቢሆን ኖሮ ይህን ዋስትና ማን በደፈረ!

እንግዲያስ ጠመንጃን የሚያበላሸው ምንድን ነው? ሁለት ነገር ነው፤ መጣመምና መስፋት። ጉሮሮው ከቧንቧው መካከለኛ መስመር ጥቂት እንኳ ቢያዘነብል፣ አረሩ ገና ቦዮቹን ሲነክስ ጎኑ ተጋድሞ ይገባል፤ እንደ ተጋደመም እየተወዛወዘ ይወጣል። ጉሮሮው ከአረሩ ውፍረት እጅግ ከሰፋም እንደዚሁ አረሩ መደገፊያ አጥቶ ያዘነብላል። ውፍረቱ 7.82 ሚሊሜትር ለሆነ አረር በጥንቃቄ የተሠራ የዒላማ ጠመንጃ ጉሮሮ ከአረሩ የሚበልጠው በአንድ መቶኛ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህም ከአንድ የራስ ጠጕር ውፍረት እጅግ ያነሰ ነው። በእጅ ተይዞ የሚሽከረከር መሰርሰሪያ ይህን ልክ ይጠብቃል ማለት ዘበት ነው።

ባለሙያው የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ባሩድም ቀስቃሽም የሌለው አንድ ባዶ ጥይት ያዘጋጃል፤ ወደ ፊት የሚተኰስበትንም አረር በሚፈለገው ርዝመት ይሰካበታል። ይህ ጥይት በመጋዘኑ ውስጥ የሚገባ መሆኑንም ይመረምራል፤ መጋዘኑ ለማይቀበለው ጥይት ጉሮሮ ማስረዘም ትርፉ ድካም ነውና። ቧንቧው በውስጡ ክሮም የተቀባ ከሆነ ሥራውን ይተወዋል፤ ክሮም ስለቱን ያበላሻል፣ ልባሱም ይጐዳል።

ስለቱ ራሱ ጉሮሮ ለማስረዘም ብቻ የተሠራ ነው፤ ስፋቱ የታወቀ፣ ጫፉም በእያንዳንዱ ጎን አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል እየጠበበ የሚሄድ። ከስለቱ ፊት መሪ ዘንግ አለ። ይህ ዘንግ በቧንቧው ውስጥ ሳይላወስ ነገር ግን ሳይጨናነቅ እየተንሸራተተ ስለቱን ቀጥ አድርጎ ይመራዋል። የሥራው ምሥጢር ሁሉ በዚህ ዘንግ ላይ ነው። ቧንቧው በቶርኖ ላይ የሚታሰር ከሆነም የሚስተካከለው በውጭው ሳይሆን በውስጡ ቀዳዳ ነው፤ የቧንቧ ውጭና ውስጥ ሁልጊዜ አንድ መካከል የላቸውምና።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ትዕግሥት ነው። ዘይት ይቀባል፤ ስለቱ ጥቂት ዙር ብቻ ወደ ፊት ይዞራል። ወደ ኋላ አይዞርም፤ ቢዞር ይዶለዱማል። ከዚያም ወጥቶ ከብረት ብናኝ ይጸዳል፤ ቧንቧውም ይጸዳል፤ ባዶው ጥይት ገብቶ ይለካል፤ እንደገና ይጀመራል። ብናኙ ሳይጠረግ ቢቀር ለስላሳውን መንገድ ይቧጥጠዋል። ባለሙያው ከታሰበው ልክ ትንሽ ሲቀረው ያቆማል፤ የጎደለ ነገ ይጨመራልና።

የተረፈ ግን አይመለስም። ለዚህ ምስክር የምትሆነን ራሷ አሜሪካ ናት። በ1903 ዓ.ም. የተቀበለችው የጦር ጠመንጃ 14 ግራም ለሚመዝን ረዥም አረር የተሠራ ነበር። በ1906 ዓ.ም. ከ10 ግራም ጥቂት የሚያንስ ሾጣጣ አረር ስትመርጥ የቀድሞው ክፍልና ጉሮሮ ለአዲሱ ጥይት ረዥም ሆኖ ተገኘ። የተቈረጠ ብረት ተመልሶ አይበቅልምና የተሠሩትን ቧንቧዎች ከኋላቸው 5 ሚሊሜትር ያህል እየቈረጡ፣ የጥይቱን ማረፊያ እንደ አዲስ ከመቅረጽ በቀር ሌላ መንገድ አልተገኘም። ለመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ይህ ወጪ ነው፤ ለአንድ ባለ ጠመንጃ ግን ብዙ ጊዜ ጠመንጃውን ማጣት ነው።

ሥራው ማማሩን የሚፈርደው ዒላማው ነው። ጠንቃቃ ተኳሽ ጉሮሮው ሳይነካ በፊት ጠመንጃውን በድጋፍ ላይ አድርጎ፣ በአንድ ዐይነት ባሩድና አረር ደጋግሞ ተኵሶ ወረቀቱን ያስቀምጣል፤ ከሥራው በኋላም እንደዚያው ያደርጋል። ሦስት ጥይት አንድ ጊዜ ተጠጋግቶ ቢያርፍ ዕድል ሊሆን ይችላል፤ ደጋግሞ ሲጠጋጋ ግን እውነት ነው። የቀድሞው ወረቀት የሌለው ሰው «ተሻለ» ወይም «ተበላሸ» የሚለው በግምት ነው።

ባለፈው ክረምት አገር ቤት ወርደን ይህን ሁሉ ለአጎታችን አስረዳናቸው። ምንሽሩ ከግድግዳው ላይ እንደ ተሰቀለ ነው። በጸጥታ ሰምተው ሲያበቁ፣ «ታዲያ ልጄ፣ ያ ሰው መለኪያ አልነበረውም?» አሉን።

«መለኪያ ቢያጣ እንኳ ጋሼ፣ ‹ይህን አላውቅም› ብሎ ሊመልስልዎ ይችል ነበር» አልናቸው።

እርሳቸውም ጥቂት አሰቡና፣ «እኔስ መቼ ጠየቅሁት? ቶሎ አድርግልኝ ነው ያልሁት» ብለው ፈገግ አሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰ እህል ግን ይለቀማል፤ የተፋቀ ብረት አይለቀምም። እኛ ወጣቶችም ሌሎች ደክመው ያቆሙትን ሥራ ተረክበን «እናሻሽለው» ባልን ጊዜ፣ ስለቱን ከማንሣታችን በፊት መሪ ዘንጋችን የቱ እንደ ሆነ፣ የቀድሞውም ልክ የት እንደ ተጻፈ ብንጠይቅ ይበጀናል።