ትሉ ሲሸሽ

ጠዋት በረንዳ ወጣ ብላችሁ የወጥ ቤት ልጣጭ ወደ ኮምፖስት የሚለውጠውን የትል ሣጥን ስትከፍቱ ግማሹ ትል ክዳኑ ላይ ተለጥፏል፤ ጥቂቱ ወለሉ ላይ ደርቆ ቀርቷል። ብዙ ጀማሪ በዚህ ጊዜ «ትሉ አይረባም» ብሎ ሣጥኑን ይደፋል። ትሉ ግን አላጠፋም። ቤቱ አላኖር ቢለው ነው የወጣው።

ለኮምፖስት የሚረባው ቀይ ትል፣ በሳይንሳዊ ስሙ አይሴኒያ ፌቲዳ፣ ጓሮ ስንቆፍር ከምናገኘው ወፍራም ትል ይለያል። ኑሮው ከላይ ከላይ፣ በበሰበሰ ቅጠልና በፍግ መካከል ነው። ሳንባ የለውም፤ የሚተነፍሰው በእርጥብ ቆዳው ነው። ቆዳው ከደረቀ ይታፈናል፤ ሣጥኑ ውስጥ ውኃ ካቆረ ደግሞ አየር ያጥረዋል። ጥርስም ስለሌለው ምግቡን እንደ ዶሮ በዋጠው አሸዋ ነው የሚፈጨው። ደርቆ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት የሚወደደው ለዚህ ነው፤ ኮምጣጣነትንም ያበርዳል።

ሣጥኑን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ደግነት ነው። አንድ ኪሎ ትል ሁሉ ነገር ሲሟላለት በቀን እስከ ግማሽ ኪሎ ልጣጭ ይጨርስ ይሆናል፤ አዲስ ሣጥን ግን ለዚህ ገና ነው። ባክቴሪያና ሻጋታ ቀድመው ያላለሰለሱትን ትሉ አይነካም። እኛ ደግሞ ትናንት የሰጠነው ሳያልቅ ዛሬ እንጨምራለን። በተለይ በጾም ወራት የጎመንና የድንች ልጣጭ ሲበዛ እጅ አያርፍም። የተከመረው ይሞቃል፣ ይኮመጥጣል፣ አየር ያጣል፤ ከዚያ የገማ እንቁላል ሽታ ይመጣል። ጤነኛ ሣጥን የሚሸተው ዝናብ የነካው አፈር ነው።

መድኃኒቱ ምግብ ማቆም ነው፤ አንድ ሳምንት፣ ካስፈለገም ሁለት። የኮመጠጠውን አውጡ፣ ካርቶን ቀዳድዳችሁ ቀላቅሉ፣ ከሥር ያሉት ቀዳዳዎች አለመደፈናቸውን እዩ። እርጥበቱን ለመለካት አንድ እፍኝ ጨምቁ፦ አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው፤ ከፈሰሰ በዝቷል።

የእንጀራ ነገር ለብቻው ይነገር። ቀድሞውንም የቦካ ስለሆነ በብዛት ሲገባ እንደ ሊጥ ተጣብቆ ይኮመጥጣል። ትንሽ ብቻ፣ ተቆራርሶ፣ ካርቶን ሥር ይቀበር። ወጥ ግን በፍጹም! ጨው የትሉን ቆዳ ያቃጥላል፣ ዘይት አየር ይዘጋል፣ በርበሬውም አይበጀውም። የቡና አተላ ከካርቶን ጋር ተደባልቆ ሲሰጥ ይስማማዋል፤ ሎሚና ሽንኩርት ግን ይቀነሱ።

ትንኝ ከበዛ ምግቡ ከላይ ተጋልጧል ማለት ነው፤ ቅበሩትና እርጥብ ጋዜጣ አልብሱት። ጉንዳን የሚገባው ብዙ ጊዜ ሣጥኑ ሲደርቅ ነው። ክር የመሰሉ ነጫጭ ትሎችን የቀዩ ትል ልጆች አድርጎ የሚደሰት አለ፤ የቀዩ ትል ልጅ ግን ገና ሲወለድ ቀይ የደም ሥሩ በቆዳው ውስጥ ይታያል። ነጮቹ የኮምጣጣነት ምልክት ናቸው። ትሉ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ እዚህም እዚያም ካበጠ ነገሩ ከፍቷል፤ አርቢዎች ይህን ከባቄላና ከሥጋ ዓይነት ፕሮቲን መብዛት ጋር ያያይዙታል።

ሙቀት ሌላው ጠላት ነው። ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ይስማማዋል፤ ከ35 ካለፈ ይሞታል። የአዲስ አበባ አየር ጥሩ ነው፣ ፀሐይ የሚመታው የቆርቆሮ ጥግ ግን አይደለም። ንዝረትም ይረብሸዋል። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1881 ባሳተመው የትል መጽሐፉ እንደጻፈው ትሎቹ ለሙዚቃ ደንቆሮ ነበሩ፤ ማሰሯቸው ፒያኖው ላይ ሲቀመጥ ግን የድምፁ ንዝረት ወደ ጉድጓዳቸው ሰደዳቸው። ስለዚህ ሣጥኑን ከልብስ ማጠቢያ ማሽን አርቁት። አዲስ ትል በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ቤቱን እስኪለምድ መንከራተቱ አይቀርም፤ ብርሃን ስለሚሸሽ አምፖል አብርታችሁ ብታሳድሩ ከሥር ይቆያል።

ትሉ ሁሉ ቢያልቅ እንኳ ሣጥኑን ለመድፋት አትቸኩሉ። አፈሩን በጣታችሁ ፈልጉ፤ ከስንዴ ፍሬ ያነሱ፣ ቅርጻቸው ሎሚ የመሰለ ቢጫ የእንቁላል ከረጢቶች ታገኙ ይሆናል። ከአንዱ ብዙ ጊዜ ከሁለት በላይ ልጆች ይወጣሉ። እርጥበቱን ጠብቃችሁ ሦስት አራት ሳምንት ታገሡ።