ፊልተር በበረኪና አይታጠብም!

ዛሬ ጠዋት አንድ መሥሪያ ቤት እንግዳ መቀበያው ውስጥ ያለውን አኳሪየም እንዳይ ጠርቶኝ ሄድኩ። ሰባት ጎልድፊሾች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈዋል። መስታወቱ ያበራል። «እንግዳ ስለሚመጣ ትናንት በደንብ አስጸድተነው ነበር» አሉኝ። ውኃው በሙሉ ተደፍቷል፣ ጠጠሩና ፊልተሩ በበረኪና ታጥቧል፣ ከዚያ በቀጥታ ከቧንቧ ተሞልቷል። በዚህ ሥራ ላይ በሽታ ከገደላቸው ይልቅ ጽዳት የገደላቸውን ዓሦች ነው አብዝቼ ያየሁት።

ስለዚህ፦

1. ውኃውን በሙሉ አትድፉ። በሳምንት ሩቡን ያህል ቀይሩ። ዓሦቹ እዚያው ይቆዩ።

2. የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለው፤ የዓሣን መተንፈሻ ያቃጥላል። አፉ ክፍት በሆነ ባልዲ አንድ ቀን ሙሉ አቆዩት። ክዳኑ የተዘጋ ጀሪካን ውስጥ ማሳደር አይቆጠርም።

3. ፊልተር። እዚህ ላይ በደንብ ስሙኝ። ስፖንጁ ላይ የምታዩት ቡናማ ነገር ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። ዓሣ አሞኒያ ይለቃል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ይሄኛው ያን ያህል አይጎዳም፣ ውኃ ስትቀይሩ አብሮ ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት ውኃው ውስጥ ሳይሆን ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ነው። አዲስ ገንዳ ውስጥ ተራብተው እስኪበቁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ። በረኪና በደቂቃዎች ይጨርሳቸዋል!

አሞኒያ ቀለም የለውም። ውኃው እንደ ምንጭ ጠርቶ ዓሣው ውስጡ ይመረዛል። ስፖንጁን ከገንዳው በቀዳችሁት አሮጌ ውኃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት። ሳሙና የለ፣ ሙቅ ውኃ የለ።

«የጎልድፊሽ ዕድሜ አጭር ነው» እያላችሁ በክብ ብርጭቆ የምትሸጡ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ። በአግባቡ የተያዘ ጎልድፊሽ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል።

ማስጌጫ ላይ፦ ዛጎልና የኖራ ድንጋይ ቀስ እያለ ይሟሟል፣ የውኃው ፒኤች ይጨምራል፣ አሞኒያውም ይብሳል። ድንጋዩ ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ይቅር። ሲሚንቶ ያልነካው ቀይ አሽ ግን በውኃ ብቻ ደጋግማችሁ ካጠባችሁት ግሩም ነው፤ ቀዳዳው ለባክቴሪያ ቤት ይሆናል። ስለታም ጠርዙን ስበሩለት።

ደግሞ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳል። የአየር ፓምፑን «ድምፁ እንቅልፍ ነሳኝ» ብላችሁ ማታ አታጥፉ።

ከዓሦቹ ሞት በላይ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ጥፋቱን ሁሉ በጽዳት ሠራተኛዋ ላይ ደፍተው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊጽፉላት ነው። ማን አሳያት? ገንዳው ሲገዛ የመስታወቱ ውፍረት ሳይቀር በጨረታ ሰነዱ ተጽፏል። ማን እንደሚንከባከበው አንድ መስመር የለም፤ ለሥልጠናም አንድ ብር አልተያዘም። ይህን ለኃላፊው ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ።

እስከ ዓርብ አዲስ ዓሣ አምጣልን ብለውኛል። አላመጣም። ሰኞ ከቤቴ ገንዳ አሮጌ ስፖንጅ ይዤ እሄዳለሁ፤ አሠራሩንም ለእሷ አሳያታለሁ። ውኃው ተለክቶ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ እስኪሆን እዚያ ገንዳ ውስጥ አንድም ዓሣ አላስገባም።