የሩቁ አደጋ ሳሎናችን ሲገባ

ዕለቱ አርብ፣ መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነበር፤ ሁዳዴ ጾም ውስጥ ነን። ያን ጊዜ የምንኖረው ገርጂ ነው። ማምሻውን ከሥራ ስመለስ የጎረቤታችን የግቢ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጎረቤቴ በዕድሜ ታላቄ ስለሆኑ «እትዬ» ነው የምላቸው። ገና ሲያዩኝ፣ «ሲስተር፣ ነይ ግቢ፤ ልጄ ያለችበትን አገር ባሕር ዋጠው» አሉኝ።

ልጃቸው ጃፓን፣ ኦሳካ በምትባለው ከተማ ትማር ነበር። ቴሌቪዥኑ በዲሽ የውጭ ጣቢያ ያሳያል። እትዬ እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ሥዕሉን ግን ያያሉ። መኪናው፣ ቤቱ፣ መርከቡ ሁሉ በአንድ ላይ በጥቁር ውኃ ላይ ሲንሳፈፍ ይታያል። ያ ማዕበል በጃፓን የመጣው በዚያች ዕለት ነው። እትዬ ሳሎን ውስጥ ግን ሳምንቱን ሙሉ፣ በቀን መቶ ጊዜ መጣ።

አደጋው የደረሰበት ሰዓት ዛሬም ይገርመኛል። በእነሱ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 2፡46 ነበር። የሁለቱ አገሮች የጊዜ ልዩነት ስድስት ሰዓት ስለሆነ፣ በእኛም አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡46 ሆነ። ጃፓን ላይ ምድር በ9 ነጥብ 0 መጠን ስትናወጥ እኛ ቁርስ ላይ ነበርን ማለት ነው። በዚያ አደጋ፣ በይበልጥም በሱናሚው፣ የሞቱትና የደረሱበት ያልታወቀው ሰዎች ወደ 18 ሺህ ይደርሳሉ።

ያን ሌሊት ስልክ አልገባ አለ። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ልጅቷ ራሷ ደወለች። «ደህና ነኝ እማዬ፣ ሕንፃው ለረጅም ጊዜ ተወዛወዘ እንጂ እኛ ጋ ምንም የለም» አለች። ግቢው በእልልታ ተሞላ። ደስታው ግን አንድ ቀን እንኳ አልዋለም። በዚያው ቅዳሜ ፉኩሺማ የሚባለው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ አንዱ ሕንፃ ሲፈነዳ በቴሌቪዥን ታየ። እትዬም «እንዳልጨነቅ ደብቃኝ ነው እንጂ ደህና አይደለችም» ብለው እንደገና ተቀመጡ።

ክርና አትላስ

ማክሰኞ ማታ ስሄድ እትዬ ፊታቸው ቀልቷል፤ ማጅራቴን ያመኛል አሉ። የደም ግፊት መለኪያዬን አምጥቼ ብለካቸው 190 በ110 ሆኖ አገኘሁት። ክኒናቸውን ከአርብ ጀምረው አልዋጡም። «ልጄ እሳት ውስጥ ሆና እኔ ክኒን ልዋጥ?» አሉኝ። ያንኑ ሌሊት ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። ትንሽ ብንዘገይ በስትሮክ ልናጣቸው እንችል ነበር። ልጅቷ ኦሳካ በሰላም ትምህርቷን ስትከታተል እናቷ ገርጂ ላይ በወሬ ሊሞቱ!

ከሕክምናው በኋላ የልጄን የትምህርት ቤት አትላስና የመርፌ ክር ይዤ ሄድኩ። ክሩን ከፉኩሺማ እስከ ኦሳካ ለካንና በካርታው መጠን ስናሰላው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ይህን ርቀት አዲስ አበባ ላይ ተክለን ወደ ሰሜን ብንዘረጋው መቐለን አልፎ ይሄዳል። ጃፓኖች ደግሞ ነዋሪውን ያስወጡት በማመንጫው ዙሪያ ካለው 20 ኪሎ ሜትር ነበር። እትዬ ክሩን በጣታቸው ይዘው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «እንግዲያው ክኒኔን ስጪኝ» አሉ።

ምን ነበር የተፈጠረው?

ብዙ ሰው መንቀጥቀጡ ማመንጫውን እንደ ቦምብ ያፈነዳው ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ማመንጫው ስድስት ማብላያዎች ነበሩት፤ ሦስቱ በሥራ ላይ ነበሩ። ምድር ስትናወጥ ሦስቱም በራሳቸው ጊዜ ቆሙ። ነገር ግን የቆመ ማብላያ፣ ከእሳት የወረደ የሸክላ ድስት እንደሚንተከተክ ሁሉ፣ ሙቀቱ ቶሎ አይበርድም፤ ውኃ ያለማቋረጥ ሊዘዋወርበት ይገባል። መብራቱ ሲጠፋ ጄኔሬተሮች ተነሡ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሱናሚው መጥቶ ጄኔሬተሮቹን አጥለቀለቃቸው። ውኃ የሚገፋ ኃይል ጠፋ፤ የሦስቱ ማብላያዎች ነዳጅ ቀለጠ፤ የተጠራቀመው ሃይድሮጂን ጋዝም ሕንፃዎቹን አፈነዳ።

ከሚወጡት ነገሮች አንዱ ጨረራማ አዮዲን ነው። በአንገታችን ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን ስለሚወድ፣ ጥሩውን ከክፉው ሳይለይ ይሰበስባል። በ1978 ዓ.ም. ቼርኖቤል በደረሰው አደጋ የተበከለ ወተት የጠጡ ብዙ ሕፃናት ኋላ በታይሮይድ ካንሰር ተይዘዋል። ጃፓኖች ከዚያ ተምረው የተበከለ ወተትና ቅጠላ ቅጠል ገበያ እንዳይወጣ ከለከሉ። የዚህ አዮዲን ኃይል በየስምንት ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል።

በአደጋው አካባቢ ላሉ ሰዎች መንግሥት ሲያዝ የሚሰጥ የአዮዲን ክኒን አለ። ወሬው ግን ከክኒኑ ቀደመ። ቻይና ውስጥ ሰው አዮዲን ያለው ጨው ለመግዛት ተሰለፈ። ፊሊፒንስ ውስጥ ደግሞ «ቤታዲን አንገታችሁን ተቀቡ» የሚል የሐሰት የስልክ መልእክት ተሠራጨ። ሁለቱም አይረዱም። በአንዱ የአዋቂ ክኒን ያለውን አዮዲን ከጨው ለማግኘት ሦስት ኪሎ ያህል ጨው መብላት ይጠይቃል፤ ያን ያህል ጨው ራሱ ይገድላል። የቁስል አዮዲንም የሚዋጥ ወይም ጨረር የሚከላከል ነገር አይደለም። አዮዲን ያለውን ጨው በየዕለቱ በልኩ የምንመገበው እንቅርትን ለመከላከል ነው።

የሞቱት እነማን ናቸው?

ከዓመታት በኋላ ስለ ፉኩሺማ ሳነብ ልቤን የሰበረው ሌላ ነው። በዚያን ሰሞን በጨረር ሕመም ወዲያው የሞተ ሰው አልነበረም። በፉኩሺማ ግዛት ግን ከመፈናቀሉ ጋር በተያያዘ ከ2 ሺህ በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ይህም በግዛቲቱ በመንቀጥቀጡና በማዕበሉ በቀጥታ ከሞቱት ይበልጣል። አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ። ከሆስፒታልና ከመጦሪያ ቤት ተነሥተው በአውቶቡስ ለረጅም ሰዓት የተጓዙ፣ መድኃኒታቸው የተቋረጠ፣ በብርድ መጠለያ ውስጥ የደከሙ።

ማስወጣቱ ስሕተት ነበር እያልኩ አይደለም። ለደካማው ሳይዘጋጁ በጥድፊያ ማስወጣት ግን ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ነርስ ሆኜ ስኖር በሽተኛ ከአልጋ ወደ አልጋ ሲዛወር እንኳ ምን ያህል እንደሚጎዳ አውቃለሁ።

የተረፉትም «ጨረር አለባችሁ» እየተባሉ ተገልለዋል፤ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ተሰድበዋል። ይህን ሳነብ ያን የኤች አይ ቪ ዘመናችንን አስታወስኩ፤ ስኒ የሚለየውን፣ ለመጨበጥ የሚፈራውን። ጨረር የነካው ሰው በሽታ አያስተላልፍም። ልብሱና ሰውነቱ ላይ የተበከለ አቧራ ካለ ልብሱ ወልቆ፣ ገላው በውኃና በሳሙና ይታጠባል። ከዚያ በኋላ ሰው ነው፤ ይታቀፋል።

ተራው የእኛ ሲሆን

ከዚያ ወዲህ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶልን ሰሚት ገባን፤ ሦስተኛ ፎቅ ነን። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት፣ ገና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የቡፌው ብርጭቆ እርስ በርሱ ሲንኳኳ ነቃሁ። አልጋው እንደ ጀልባ ይወዛወዛል። በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ለወራት ሲደጋገም የቆየው መንቀጥቀጥ ነበር።

አሁን የምነግራችሁን ስናገር አፍራለሁ። ለአርባ ዓመት ሌላውን «አትደናገጡ» ስል የኖርኩት ሰውዬ በባዶ እግሬ በሩን በርግጄ ወጣሁ። ሁለት ፎቅ ከወረድኩ በኋላ ነው ባለቤቴ ትዝ ያለኝ። ጉልበቱን ስለሚያመው ያለ ከዘራ አይራመድም። ተመልሼ ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በእጁ ከዘራውን ይፈልጋል። «ነርሷ አመለጠች!» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ፉኩሺማ አልጋ ላይ የቀሩትን አዛውንቶች አሰብኩ።

ግቢው ውስጥ ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ቆሟል። «ከአንድ ሰዓት በኋላ የባሰ ይመጣል» የሚል መልእክት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ቆርጦ የሚናገር ሳይንስ እስካሁን የለም፤ እንዲህ የሚል መልእክት ሲደርሳችሁ ለሌላ አታስተላልፉት። በዚያው ግርግር የላይኛው ፎቅ እናት ብቻቸውን እንደቀሩ ያስታወስነው ዘግይተን ነው። በእግዚአብሔር ቸርነት ምንም አልሆኑም።

እኛ የነካን የአደጋው ጫፍ ነው። በአፋርና በኦሮሚያ ያሉት ወገኖቻችን ግን ቤታቸው ፈርሷል፤ መሬታቸው ተሰንጥቋል፤ መንግሥት ወደ 80 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ማንሣት እንደጀመረ የተነገረው በዚያው ሰሞን ነበር። አገራችን በስምጥ ሸለቆ ላይ ናት፤ በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዳፈረሳት ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። በመስከረም 2018 ደግሞ ኢትዮጵያ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የተግባር ዕቅድ ተፈራርማለች። ስለዚህ የጃፓኑ ታሪክ የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም።

በቤታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ወሬን እንደ መድኃኒት በሰዓቱ ውሰዱ። ጠዋትና ማታ አንዳንድ ጊዜ ይበቃል። ያንኑ ሥዕል ደጋግሞ ማየት አዲስ ነገር አይነግራችሁም። ሕፃናት ካሉ ደግሞ ቴሌቪዥኑን ዝጉና የሆነውን በአፋችሁ ንገሯቸው።

ሁለተኛ፣ ርቀቱን ለኩ። ዘመድ ውጭ አገር ካለ የሚኖርበትን ከተማ ስም ጽፋችሁ ያዙ። በአደጋ ጊዜ መስመር ስለሚጨናነቅ ደጋግሞ ከመደወል አጭር መልእክት መላክ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብና የሚጥል በሽታ መድኃኒት በምንም ወሬ አይቋረጥ። ቢያንስ የአንድ ሳምንቱን ከሐኪም ወረቀቱ ጋር በአንድ ቦርሳ በር አጠገብ አስቀምጡ። ኢንሱሊን ግን ከፍሪጅ ስለማይለይ፣ ስትወጡ እንዳይረሳ ቦርሳው ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ።

አራተኛ፣ ምድር ስትናወጥ ደረጃ ላይ አትሩጡ፤ ሊፍትም አትጠቀሙ። ከመስኮትና ከቡፌ ራቁ፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡና ጭንቅላታችሁን ሸፍኑ። ሲቆም ሲሊንደሩን ዝጉና በእርጋታ ውጡ።

አምስተኛ፣ መሮጥ የማይችለው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ። በእኛ ብሎክ በዕድር ተሰብስበን፣ መራመድ የሚቸግራቸውን ሰዎች የቤት ቁጥር ጻፍን፤ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ወጣት መደብን። ለባለቤቴ የተመደቡት የሁለተኛ ፎቅ ወንድማማቾች ናቸው። እኔ ደግሞ ከዘራውን ከራስጌው እንዳላርቅ ታዝዣለሁ።

እትዬ ዛሬም በሕይወት አሉ። ልጃቸው ተመርቃ፣ አግብታ፣ ሁለት ወልዳለች። ያቺን ክር አትላሱ ውስጥ ዕልባት አድርጌ አስቀምጫታለሁ። የሩቅ አገር ክፉ ወሬ በሰማሁ ቁጥር መጀመሪያ የምደውለው ለእሳቸው ነው። «እትዬ፣ ክኒኑ ተዋጠ?» እላለሁ። «ተውጧል፤ ያንቺ ሰውዬስ ከዘራውን ይዟል?» ይሉኛል።

ቸር ወሬ ያሰማን።